ከበሮ በሥዕልና ከበሮ በእጅ፦ ስለ ምት መሣሪያዎች ትምህርት አቀራረብ የቀረበ ሒስ

«አታሞ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ዘወትር የሚጠቀሰው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል የሚመስል ሥራ በቀረቡት ጊዜ የሚያመጣውን ችግር ለመግለጽ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን አባባሉን በቀጥተኛ ትርጉሙ ሊወስደው ይፈልጋል። ምክንያቱም በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሚሰጠው የሙዚቃ ትምህርት በአብዛኛው አታሞውን በሰው እጅ ሲያምር አሳይቶ የሚያበቃ፣ ሕፃኑ መሣሪያውን ይዞ እስኪደናገርና ከመደናገሩም እስኪወጣ ድረስ የማይጠብቅ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

የኪነ ጥበብ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ስሙ ተለዋውጧል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት «ሥነ ውበት» በሚል ስም ሥዕልንና ሙዚቃን አጣምሮ ይዞ ቆየ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «የክወናና ዕይታ ጥበባት» ተብሏል። «ክወና» የሚለው ቃል ድርጊትን የሚያመለክት በመሆኑ ስያሜው ራሱ አንድ ተስፋ ይሰጣል፤ ይኸውም ተማሪው ስለ ጥበቡ ሰምቶና ጽፎ ብቻ ሳይሆን አድርጎ ይማራል የሚል ነው። ይህ ሒስ የሚያተኩረው በማናቸውም አንድ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን በዚህ ስያሜና በክፍል ውስጥ በሚፈጸመው መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ርቀቱንም ለመለካት ከበሮን መርጫለሁ። ክራርንና በገናን በሥዕል ብቻ የሚያውቁ ብዙ የከተማ ልጆች አሉ፤ ከበሮ ሲመታ ያልሰማ ሕፃን ግን አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁሉም ሰምቶት የመጣውን መሣሪያ ማስተማር ካቃተን ሌላውን እንዴት እናስተምራለን?

ለቡ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ቤተሰቦች በጋራ መኖሪያ ቤቶችና በማኅበር በተሠሩ ቤቶች ተጎራብተው ይኖሩበታል፤ ልጆቻቸውም ከአካባቢው ነባር ነዋሪዎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ። ከሰፈሩ መቆሚያዎች አንዱን የታክሲ ረዳቶች «ለቡ ሙዚቃ» እያሉ ሲጠሩት ይሰማል፤ ስሙ ግን በአካባቢው የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ላይ ያስከተለውን ለውጥ እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ዓመት በዚሁ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንድ ዕጩ መምህር የማስተማር ልምምድ ለመመዘን ተገኝቼ ነበር። የዕለቱ ርእስ የአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ሲሆን የተሰጠው ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። ዕጩ መምህሩ በካርቶን ላይ በጥንቃቄ የሣለውን የከበሮ ሥዕል ከጥቁር ሰሌዳው ራስ ላይ ሰቀለ። ሥዕሉ መልካም ነበር፤ ጠፍሩ እንኳ አልቀረም። ቀጥሎም የሙዚቃ መሣሪያዎች የክር፣ የትንፋሽና የምት ተብለው በሦስት እንደሚከፈሉ አስረዳና ከበሮ ከየትኛው እንደሚመደብ ጠየቀ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «የምት!» አሉ። ይህንኑ በደብተራቸው ጻፉ። በመጨረሻም አምስት የእውነት ሐሰት ጥያቄዎች ቀርበው ሁሉም ማለት ይቻላል መለሱ።

ልጆቹ ከሰሌዳው በሚገለብጡበት ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እርሳሷን አስቀምጣ ዴስኳን በሁለት እጇ መምታት ጀመረች። የቀኝ እጇ መዳፍ ከዴስኩ መሐል ወፍራሙን ድምፅ፣ የግራ እጇ ጣቶች ከጠርዙ ቀጭኑን ያወጣሉ። ስድስት ተቆጥሮ የሚመለስ ምት ነበር፤ ደጋግማ መታችው፣ አልተዛነፈባትም። ዕጩ መምህሩ ዘወር ብሎ «እጃችሁን አጣጥፉ!» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም በያዝኩት የምዘና ቅጽ ላይ «ክፍልን መቆጣጠር» ከሚለው መስመር ትይዩ ከፍተኛውን ነጥብ ሞላሁ።

የሠራሁትን የተረዳሁት ከክፍል ከወጣሁ በኋላ ነው። ልጅቱን በረንዳው ላይ አግኝቼ ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ማንም አላስተማረኝም፤ አክስቴ ሠርግ ቤት ስትመታ አያለሁ» አለችኝ። ጥያቄዬን የቅጣት ምርመራ አድርጋ ወስዳው ነበር። በዚያ ዕለት በዚያ ክፍል ውስጥ የከበሮ ትምህርት የነበረው ከኋላ ወንበር ላይ ነው፤ እርሱንም ዕጩ መምህሩ አስቆመው፤ እኔ ደግሞ ስላስቆመው ነጥብ ሰጠሁት። ዕጩ መምህሩ የተማረውን ፈጸመ እንጂ አላጠፋም። በቅጹ ላይ የትምህርት ዕቅድ፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የድምፅ ጥራትና የመሳሰሉት ሁሉ መስመር ሲኖራቸው ተማሪው መሣሪያውን ነካው ወይስ አልነካውም የሚል መስመር አልነበረም። ቅጹን ካዘጋጁት ሰዎች አንዱም እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ያ መልካም ሥዕል ሊያስተምረው ያልቻለው ነገር ምንድን ነው? ከበሮ ከአንድ ወጥ ግንድ፣ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ የሚሠራ ሲሆን አንደኛው አፉ ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠባብ ነው። ሁለቱም አፎች በእርጥቡ በተወጠረ የከብት ቆዳ ይለበጣሉ፤ ከአፍ እስከ አፍ እየተሻገረ የሚሄደው ጠፍርም ሁለቱን ቆዳዎች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይወጠራል። በዚህ የተነሣ ከበሮ የአየሩን ጠባይ የሚከተል መሣሪያ ነው። በክረምት እርጥበት ቆዳው ይላላል፣ ድምፁም ይደክማል፤ ባለቤቱ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል ወይም እሳት ዳር ያሞቀዋል። ይህን ያልተነገረው መምህር በሐምሌ ያወጣውን ከበሮ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

የእጁ ነገር ከዚህ ይረቅቃል። መዳፍ ከሰፊው አፍ መሐል አርፎ ወዲያው ሲነሣ ድምፁ ወፍራምና ረጅም ይሆናል፤ መዳፉ ከቆዳው ላይ ጥቂት ከቆየ ግን ድምፁ ይታፈናል። ጣቶች ተገጣጥመው ከጠርዙ ላይ ሲያርፉ ስል ድምፅ ይወጣል፤ ጣቶች ተከፍተው ሲያርፉ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ጉልበት የሚያስፈልግ መስሎት ነው። ድምፁን የሚወስነው ግን የአመታቱ ኃይል ብቻ ሳይሆን የእጁ አነሣሥ ነው። ቃሪያ ጥፊ የሚመስል ምት ጆሮ ያደነቁራል እንጂ ዜማ አያጅብም። ከዚህም ሌላ ሁለቱ አፎች በመካከላቸው በታፈነው አየር የተያያዙ ስለሆነ አንዱ ሲመታ ሌላው ይንቀጠቀጣል፤ ጠባቡን አፍ በመዳፍ ተጭኖ ሰፊውን የሚመታ ሰው ድምፁ ሲለወጥ ይሰማዋል። ከበሮውን አንዱን አፉን ወደ ላይ አድርገው ይዘው ጥቂት ጤፍ በላዩ ቢበትኑና ታችኛውን አፍ በእጅ ቢመቱ ጤፉ ሲዘል ይታያል። (ጤፍ ከተወደደ አሸዋም ይበቃል።) ይህ ለሙዚቃ መምህሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ድምፅ ሞገድ ለሚያስተምረው የሳይንስ መምህርም ያለ ወጪ የተገኘ ቤተ ሙከራ ነው።

ምቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ያቺ ልጅ ዴስኳ ላይ የመታችው በስድስት የሚቆጠር፣ የከተማ ሙዚቀኞች «ችክችካ» የሚሉት ዓይነት ነው። ትልቅ ጥበቡም ያው ስድስት ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት ተደርጎ ሊሰማ መቻሉ ላይ ነው፤ ጭብጨባው አንደኛውን ሲይዝ እስክስታው ሌላውን ሊይዝ ይችላል። በትግራይ ሠርግ ደግሞ ከበሮ መቺዎች ከበሯቸውን አንግተው ክብ ሠርቶ በሚዞረው ጨፋሪ መሐል ይገባሉ፤ ምቱም በአምስት የሚቆጠር ሲሆን በመጨረሻ ይፋጠንና እግሮች ሁሉ ይለወጣሉ። ይህን ልዩነት በቃል ማስረዳት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ ልጆቹ ግራና ቀኝ ተከፍለው ቢያጨበጭቡት ግን ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

በቤተ ክርስቲያን ያለው የከበሮ ሥርዓት ለአስተማሪ ሁሉ ሊጠና የሚገባው ነው፤ እዚህ ላይ የማነሣው ስለ ሃይማኖቱ ሳይሆን ስለ ማስተማር ዘዴው ነው። በአቋቋም ትምህርት አንድ ዜማ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይዜማል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ጸናጽልና ከበሮ የሚገቡት ከዚያ በኋላ በመረግድ ነው፤ በጽፋትም ምቱ ይፋጠናል፣ ጭብጨባም ይጨመርበታል። ከበሮው በዝግታው ጊዜ ከመሬት ተቀምጦ ይመታል፤ ሲፋጠን መቺው አንግቶት ይነሣና ጎንበስ ቀና እያለ ከዘማሪዎቹ ጋር ይሄዳል ይመለሳል። ስለዚህ ከበሮ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ዜማው በሰውነቱ ያላደረ ሰው ከበሮውን አያነሣም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ይሄዳል። ዝም የሚባልበትን ጊዜ ማወቅ የትምህርቱ አንድ ክፍል መሆኑን እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ከቶ አላሰብነውም። ይህ ሥርዓት ዘመናትን የተሻገረው እያንዳንዱ ደረጃ በሚመሰክር መምህር ፊት እየተፈጸመ ነው፤ ለአቋቋም ምስክርነት ጎንደር በአታ የታወቀች ናት። በትውፊት ከአለቃ ገብረ ሐናና ከልጃቸው ከተክሌ ጋር የሚያያዘው የተክሌ አቋቋም ደግሞ እንቅስቃሴው ከጣና ሐይቅ ማዕበል የተቀዳ ነው ይባላል። ሊቃውንቱ ለመሣሪያው ምሥጢራዊ ትርጓሜም ሰጥተውታል፤ ምቱን ጌታ በጥፊ ከመመታቱ፣ ጠፍሮቹን ከግርፋቱ ሰንበር ጋር ያያይዙታል። አንድ ዕቃ ይህን ሁሉ ሲሸከም ሥዕሉ ከግርጌው የያዘው ቃል አንድ ነበር፦ «ከበሮ»።

አንድ ሥዕል ተሰቅሎ አንድ ስም ሲሰጠው ሌሎቹ ሁሉ ይሸፈናሉ። ቋንቋችን ራሱ ከመማሪያ ሥዕሎቻችን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ከበሮ ይመታል ወይም ይደለቃል። ነጋሪት አንድ አፍ ብቻ ያለው፣ በእጅ ሳይሆን በመምቻ የሚጎሰም፣ በበቅሎ ተጭኖ ከሹም ፊት የሚሄድ የሥልጣንና የአዋጅ መሣሪያ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። አታሞ ትንሹና በእጅ ተይዞ በመዳፍና በጣት የሚመታው ነው። በወሎ መንዙማን የሚያጅበው ድቤ ይባላል፤ ይኸው ስም በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም የታወቀ ነው። በሐረር ዚክር የሚባልበት ከበሮ ከረቡ ሲሆን ከበል ከሚባሉት ተጋጭተው ከሚጮኹ እንጨቶች ጋር ይሄዳል። በጋምቤላ በኑዌርና በአኙዋ ዘንድ ቡል የሚለው ስም አለ። የለቡን የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስም ዝርዝር ይዞ የልጆቹን ወላጆች የትውልድ ቦታ ለሚጠይቅ መምህር ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ ከዚያው ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ታዲያ ለሁሉም አንድ ሥዕል ሰቅለን «ይህ የአገራችን ከበሮ ነው» ስንል ለአንዳንዶቹ የቤታቸው ከበሮ ከበሮ አይደለም እያልናቸው ነው።

ከፍ ብለው ከተጠቀሱት መካከል የመላው ዓለም ቅርስ ሆነው የተመዘገቡ በዓላት መሣሪያዎችም ይገኛሉ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም.፣ የሐረሩ ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ምዝገባው ሲነገር በየትምህርት ቤቱ ደስታ ነበር። የተመዘገበው ግን ዕቃው ሳይሆን ሰዎች የሚያደርጉት ነገር መሆኑን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን፤ የሚያደርገው ሰው ካልተተካ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ስም ነው።

ስለ ከበሮ አመጣጥ በክፍል ውስጥ የሚነገረውም እንዲሁ መታረም ይገባዋል። በተደጋጋሚ የሰማኋቸው አባባሎች ሦስት ናቸው፤ ከበሮን የፈጠረው ቅዱስ ያሬድ ነው፣ ከበሮ ከእስራኤል የመጣ ነው፣ ከበሮ የኢትዮጵያ ብቻ ነው የሚሉ። ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ዜማን እንደ ደረሰ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የዜማ ስልቶችም ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። ዜማን መድረስና መሣሪያን መፍጠር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከእስራኤል መጣ የሚሉት መጽሐፍ ቅዱስን ይጠቅሳሉ። በእርግጥም የሙሴ እኅት ማርያም በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 15 ከበሮ እንደያዘች በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን፤ በመዝሙረ ዳዊትም በ150ኛው መዝሙር ከበሮ አለ። ነገር ግን የዕብራውያን ሴቶች ይዘውት የነበረው «ቶፍ» በአንድ ክብ እንጨት ላይ ቆዳ የተወጠረበት፣ በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው የሚመታ ቀላል መሣሪያ እንጂ በትከሻ የሚነገተው ሁለት አፍ ያለው ግንድ አልነበረም። ተርጓሚዎቹ አንባቢው የሚያውቀውን ስም ሰጡት፤ የስም አንድነት የመሣሪያን አንድነት አያስረዳም። ሦስተኛው አባባል ድንበር ላይ ይፈርሳል፤ ሁለት አፍ ያለው ሾጣጣ ከበሮ በኤርትራና በሱዳንም የሚመታ ነው። እነዚህን አባባሎች የሚናገሩት መምህራን ከአገር ፍቅር የተነሣ መሆኑን አውቃለሁ። ሕፃኑ ግን አንድ ቀን አድጎ ሌላ መጽሐፍ ባነበበ ጊዜ የሚጠራጠረው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሳይሆን የተናገረውን መምህር ጭምር ነው።

ከዘፀአቱ ታሪክ ልንወስደው የሚገባ ሌላ ቁም ነገር አለ። ከበሮውን የያዙት ሴቶች ነበሩ። በእኛም አገር በሠርግ ቤት ከበሮ የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ሲሆኑ፣ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶችም ትንሽ ከበሮ ይዘው ይዞራሉ። (በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ወንዶች ልጆች ግን ምቱን የሚያወጡት ዱላቸውን ከመሬት እየመቱ ነው፤ መሬትም ለካ ከበሮ ነው።) የመጀመሪያ ደረጃ መምህርነትን የሚመርጡ ሴት ሠልጣኞቻችን ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በሠርግ ቤት ከበሮ ሲመቱ ያደጉ ይገኛሉ። ወደ ኮሌጅ ሲገቡ ግን ይህን ችሎታቸውን የሚጠይቃቸው ቅጽ ስለሌለ እነርሱም አይናገሩትም፤ እንደ ዕውቀት ቆጥረውትም አያውቁም።

አንዳንድ የትምህርት ባለሙያዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ከበሮ በአገራችን ከአምልኮ ጋር እጅግ የተቆራኘ ስለሆነ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ማስገባት ሃይማኖትን ማስገባት አይሆንም ወይ? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንድ ቤተሰብ የሚሰግድበትን ድምፅ ክፍል ውስጥ መጫወቻ ማድረግም ነውር ነው። ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ ትምህርት ከባህላዊ አድልዎም ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል። የመዳፍን አስተራረፍ፣ በስድስትና በአምስት መቁጠርን፣ ጓደኛ ሲመታ ጠብቆ መግባትን ማስተማር የማንንም አምልኮ አይነካም። መረግድን ክፍል ውስጥ ማስደረግ አያስፈልግም፤ መረግድ የሚባል ሥርዓት መኖሩን፣ የት እንደሚፈጸምና ለምን እንደሚከበር፣ ከመንዙማውና ከዚክሩ ጋር ጎን ለጎን መንገር ግን ያስፈልጋል። ባየኋቸው ክፍሎች ጥንቃቄው ወደ ዝምታ ተለወጠ፤ ሥዕሉ የተመረጠውም ድምፅ ስለሌለው ይመስለኛል።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ምን ያህል እንደሄዱ ማየት ይጠቅማል። በምዕራብ አፍሪካ የማንዴ ሕዝቦች መሣሪያ የሆነው ጀምቤ፣ አንድ አፍ ያለውና የፍየል ቆዳ የሚለብሰው፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጊኒያዊው ፎዴባ ኬይታ የተመሠረተው ሌ ባሌ አፍሪካን ወደ ዓለም መድረክ ካወጣው ወዲህ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ይገኛል። ለዚህ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ መምህራኑ ለእጁ ምቶች ስም መስጠታቸው ነው፤ የመሐሉ ወፍራም፣ የጠርዙ ክፍትና የጠርዙ ስል ተብለው ሦስት ምቶች ተለይተው ይማራሉ። በባርነት ወደ ኩባ ከተወሰዱ የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቦች ትውፊት የወጣው ኮንጋም እንዲሁ የታወቀ የእጅ ትምህርት አለው፤ ይህን መሣሪያ በአዲስ አበባ መድረክ ካስተዋወቁት ዋነኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ስለ እጅ አመታት ግን እጅግ የሚያስቆጨኝ ታሪክ የራሳችን ነው። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብሕ በ1963 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውንና ከበሮውን በአንድ መድረክ አስቀመጠ፤ ጓዱንም በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። ይኸው ሐሊም ኤል ዳብሕ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ደራቡካ የእጅ አመታት ዘዴ በኖታ የተደገፈ መጽሐፍ አሳተመ። የእጅን ምት በወረቀት ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሰው በመካከላችን ኖሮ አስተምሯል፤ እኛ ግን ለከበሯችን ተመሳሳይ የመማሪያ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ደረጃ መምህር አላደረስንም።

መጽሐፉ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ልጆች ለሰፊው አፍ «ድም»፣ ለጠባቡ «ታ» ማለትን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል፤ ለታፈነው ምት አንድ ሦስተኛ ድምፅ ቢጨመር የመጀመሪያው ኖታ ተገኘ ማለት ነው። ከበሮ በሌለበት ዴስክ አለ። ኮሌጆቻችን በመግቢያ ቅጻቸው ላይ ሠልጣኙ የሚያውቀውን ባህላዊ ምት ወይም ዜማ ቢጠይቁ ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው። የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት በካርቶን ሥዕል ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ ከሰፈሩ ሠርግ አጃቢዎችና ከድቤ መቺዎች አንዱን በመጋበዝ ቢያውሉት የተሻለ ነው። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው ምዘናው ነው፤ አርባና ሃምሳ ልጅ በያዘ ክፍል እያንዳንዱን በከበሮ መፈተን እንዴት ይቻላል ለሚሉኝ መምህራን የተሟላ መልስ የለኝም። በአምስት በአምስት ተከፍለው ሲመቱ ማዳመጥና አንዱ የሌላውን ጠብቆ መግባቱን መመዝገብ የሚቻል ይመስለኛል፤ በእውነት ሐሰት መፈተን ግን ምንም አለመፈተን ነው።

ወደዚያው ትምህርት ቤት ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከበሮ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለወላጆች ቀን የተገዛ ሲሆን በንብረት መዝገብ ገብቶ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ኖሯል። መምህራኑ የማያወጡት ቸልታ ይዟቸው አይደለም፤ በሞዴል 22 ፈርሞ ያወጣ ሰው ቆዳው ቢቀደድ ከደመወዙ የሚከፍል ስለሚመስላቸው ነው። ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን ወጣ። ቆዳው ላልቶ ስለነበረ እስከ ዕረፍት ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

ከዕረፍት በኋላ የክፍሉ መምህርት ልጆቹን በተራ በተራ አወጣቻቸው። ያቺ ልጅ ስድስቱን መታች። አንድ ወንድ ልጅ ተነሥቶ አባቱ ድቤ የሚመታበትን አመታት ላሳይ አለ፤ ምቱ ከልጅቱ ልዩ ስለነበረ ጭብጨባው ለጊዜው ተበላሸ፤ ጥቂት ቆይቶ ያዘ። መምህርቷም ሞከረች፤ ልጆቹ ሳቁ፤ እርሷም ሳቀችና እንደገና ሞከረች። የእኔም ተራ ደረሰ። ግራ እጄ ቀኜን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ለብቻው አይመታም። ልጅቱ ቀኝ እጄን ይዛ ከጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና በግራው በኩል ወዳለው ጠባብ አፍ እያመለከተች «መጀመሪያ ይሄንን ብቻ ይምቱ» አለችኝ።